ለቀጮ የተደረገ ዱአ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ፊልም ስታይ ከኩሽና ብቅ ብዬ ቆምኩ። ሁለት መርማሪ ፖሊሶች፣ አንዱ ከሲታ፣ አንዱ ደንዳና፣ ኮሌታው ትከሻቸው ላይ የተዘረጋ ሸሚዝ ለብሰው በአሮጌ መኪና ሌባ ያሳድዳሉ፤ ምስሉ ደብዝዟል፣ ቢጫ ቢጫ ብሏል፣ አልፎ አልፎም ይንጫጫል። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ከኋላ ገብቼ ገመዱን መነካካት ስጀምር ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ለካ ፊልሙ የዘንድሮ ሆኖ ሆን ብለው የድሮ አስመስለውት ነው፤ ያንን ድብዘዛ ለማምጣት ስንት ባለሙያ እንደደከመበት ከስልኳ ላይ አንብባ አስረዳችኝ። ጉድ እኮ ነው። እኛ ደሴ እያለን ያንኑ ድብዘዛ ለማባረር ነበር ታላቅ እህቴ አስቴር ቆርቆሮው ላይ ወጥታ አንቴናውን ስታዞር፣ እኔ ደግሞ ደጅ ቆሜ «ተመለሺ፣ አልፈሽዋል» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ የምናመሸው። ልጄ ይህን ስነግራት ቀልድ መሰላት። እኔም ድስቴን ለማማሰል ተመለስኩ፤ ግን አንዴ የደሴው ጎረቤታችን ልጅ ሰይድ በሐሳቤ ገብቶ ነበርና ሽሮውን አሳረርኩት።

አባቴ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የዚያ ዘመን የአሰብ ሹፌር ማለት ቤቱ ምንም የማይጎድልበት ሰው ማለት ነው፤ ሳሙናው፣ ብርድ ልብሱ፣ ቴምሩ፣ ሁሉም ከዚያ ይመጣል። ቴሌቪዥኑንም ያመጣው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከጋቢናው ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ረዳቱን ከኋላ ጭነቱ ላይ ጭኖ ነው፤ ረዳቱ ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ይቅር አላለውም። ሣጥኑ ሲከፈት የናፍጣና የጨው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ያ ሽታ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከዓመት በላይ አልጠፋም፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። እናቴ ፀዳለ ወዲያው አበባ የተጠለፈበት ልብስ ሠራችለት። ከጦሳ ተራራ ሥር የነበረው ሰፈራችን ጉም ሲወርድበት የጎረቤት በር እንኳ የማይታይበት ነው፤ በዚያ ጉም ውስጥ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ሳል ብቻ እየቀደመ ይመጣና ቤታችን ይሞላል። ከሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው የኛ ቤት ብቻ ነበርና፣ ቅዳሜ ማታ የኛ ሳሎን የኛ አልነበረም።

የሚመጡት ለሁለቱ ፖሊሶች ነው። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስም ነበረው፣ ግን ስሙን የሚጠራው አልነበረም። ከሲታውን ቀጮ፣ ወፍራሙን ቦርጬ ብለው ስም አውጥተውላቸው ነበር። ቀጮ መኪና ይነዳል፣ ከመስኮት ይዘላል፣ ከጣሪያ ጣሪያ ይሮጣል፤ ቦርጬ ይበላል፣ ያማርራል፣ በመጨረሻ ግን ሌባውን የሚይዘው ሁልጊዜ እሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በላዩ ላይ በመቀመጥ። ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሳንድዊቹ፣ ማን ቀድሞ በሩን ይምታ በሚለው። አስቴር አሥራ አንደኛ ክፍል ስለነበረች ተርጓሚ ነበረች፤ የገባትን ትተረጉማለች፣ ያልገባትን ከራሷ ትፈጥራለች፣ ሴቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ይሟገቷታል። ሰውየው ይህን ያህል ቆይቶ ተናግሮ አንቺ በሁለት ቃል እንዴት ጨረስሽው ይሏታል። እሷም ፈረንጅ ወሬ ያበዛል ብላ ታልፈዋለች።

ከሁሉ በፊት የምትመጣው፣ ከሁሉ በኋላ የምትወጣው እትዬ ዘይነባ ነበረች። ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታችን ናት፤ ከሐርቡ የሚመጣ ብርቱካንና ፓፓያ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ፊልሙን የምታየው እንደ ባለሙያ ነው። የሚያሳድዱት ሌባ ሁልጊዜ የሚገባው ገበያ መሃል ነው፣ መኪናውም ሁልጊዜ የሚገለብጠው አንዲት ብርቱካን ሻጭ መደብ ነው፤ ሌላው ሰው ሌባው ተያዘ አልተያዘ ሲል እትዬ ዘይነባ የምትጨነቀው ለብርቱካኑ ነው። «አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አይለቅምላትም?» ትላለች። አንዴ ቀጮ ከመኪናው ወርዶ ከመሬት አንድ ብርቱካን አንስቶ ለሻጯ ሲሰጣት እትዬ ዘይነባ ጉልበቷን መታ መታ አደረገችና «እናቱ አሳድጋዋለች» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጮ የሷ ሆነ። ስለ ቀጮ ክፉ የሚናገር፣ ለምሳሌ ከዚህ ሁሉ ሩጫ ቁጭ ብሎ ቢበላ ይሻለዋል የሚል፣ ከሷ ጋር ይጣላል።

የሚጣሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሷና እናቴ ናቸው። እናቴ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትሄድ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነች፤ እትዬ ዘይነባ እንደ ሸምበቆ ቀጭን፣ ቆማ የምትበላ፣ ሮጣ የምትሸጥ። አንዷ ማርያምን ስትል አንዷ ወላሂ እያለች፣ ስለ ጨው መጠን፣ ስለ ዶሮ ብልት፣ በጋራው አጥር የበቀለው ጌሾ የማን እንደሆነ ሲነታረኩ ነው የሚውሉት። ግን አንዷ ስትታመም የሌላዋ ቤት እሳት አይነድም፤ ፋሲካ ሲሆን እትዬ ዘይነባ በግ የሚያርድላት ሰው ጠርታ የራሷን ታሳርዳለች፣ ለብቻዬ ደረቅ አልበላም ብላ፤ በአረፋም እናቴ እንደዚሁ። አስቴር አንድ ቅዳሜ ፊልሙን እየተረጎመች ሳለ ቦርጬና ቀጮ እዚህ ተቀምጠው አይደል ብላ ወደ ሁለቱ ስታመለክት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ጭኗ ላይ ቆነጠጠቻት፤ እትዬ ዘይነባ ግን ቅር አላላትም።

ሰይድ የእትዬ ዘይነባ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ በደርጉ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ ሰይድ አያስታውሰውም። በደሴና በኮምቦልቻ መሃል በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ በቀን ስንቴ እንደሚወርድና እንደሚወጣ ራሱም አያውቅም፤ መኪናው ሳይቆም መዝለል፣ መኪናው ከተነሳ በኋላ ሮጦ መንጠልጠል ልማዱ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሥራውን ጨርሶ ይመጣና ጫማዬ ጭቃ ነው ብሎ በሩ ላይ ተደግፎ ያያል፤ እናቴ ዳቦ ታስይዘዋለች፣ እሱ ለኔ ያስይዘኛል። ቀጮ ከሚሮጥ መኪና ላይ ሲዘል ቤቱ በሙሉ ዞሮ ሰይድን ያየዋል። እሱም «ይሄ እኮ እኔ ነኝ፣ ልብሱ ብቻ ነው የተለየው» ይላል። እናቱ ወደ እሱ አትዞርም፤ ፈገግታዋ ግን ከጎን ይታያል። ፊልሙ ሲያልቅ የሚመጣውን ሙዚቃ እያፏጨ በጉሙ ውስጥ ሲሄድ ግድግዳው አልፎ ይሰማን ነበር። ለሱ ያለኝ ፍቅር ምን ዓይነት እንደነበረ ዛሬም አላውቅም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እንደማንኛችንም ወደድኩት።

ድንበር ላይ ጦርነት ሲነሳ የአባቴ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ እሱ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ፣ ቴምሩም ቀረ። የሰፈሩ ጎረምሶችም አንድ በአንድ ይመዘገቡ ጀመር። ሰይድ ለእናቱ ሳይነግራት ተመዘገበ፤ የሰማችው ከሚኒባሱ ሹፌር ነው። ሊሄድ ባለበት ጠዋት እኛ በረንዳ ላይ ቆመን ነበርና ሁሉን ሰምተናል። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «አባትህን ስሙን እየጠራሁ ሸኘሁት፤ ስሙን እየጠራሁ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ወላሂ፣ አንተ ከዚህ በር ከወጣህ ተመልሰህ እስክትገባ ድረስ ስምህ ከአፌ አይወጣም» አለችው። ሰይድ እስኪመሽ የሚበርድላት መስሎት ሳቅ አለ፤ ትከሻዋን ስሞ፣ ለኛም እጁን አውለብልቦ ወጣ። እሷ ግን ወላሂ ብላ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አልነበረችም።

ከዚያ ወዲያ ልጇ «ያ ሰውዬ» ሆነ። ሰይድ ጻፈ ወይ ያላትን ሰው «ማን?» ትለዋለች። የመሐላው ማፍረሻ እኮ ቀላል ነው ብሎ ያላግባባት የለም፤ አሥር ድሃ ማብላት፣ ካልሆነ ሦስት ቀን መፆም ነው፣ አላህ መሐሪ ነው አሏት። ፆሙ አያቅተኝም፣ ቃሌ ነው፣ ትላለች። ነገሩ እልህ ብቻ አልነበረም፤ ስሙን ከጠራች እንደ አባቱ የሚቀርባት ይመስላት ነበር፣ ይህንንም ለእናቴ ብቻ ነግራታለች። ችግሩ ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች ተራ በተራ በየቤቱ ለዱአ ይሰባሰባሉ፤ እናቴም ዳቦዋን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔም ዳቦውን ተከትዬ። ሼህ ይማም የሚባሉ፣ ከቢስቲማ የመጡ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ጫቱን በእጃቸው ይዘው ሐጃ፣ ማለትም የሚለመንለት ጉዳይ፣ ያለውን ይጠይቃሉ፤ ልጇ ግንባር ያለባት እናት ሁሉ የልጇን ስም ትሰጣለች፣ ሼሁ ስሙን ጠርተው ይለምናሉ፣ ሴቱ በሙሉ «አሚን» ይላል። እትዬ ዘይነባ ለሰው ልጅ ሁሉ አሚን እያለች የራሷ ልጅ ያለ አሚን ይቀራል። በየሐሙሱ ከዱአው ስትመለስ ስትሄድ ከነበረችው ይበልጥ ከስታ ነበር።

እንዲህ ባለንበት ነው ቀጮ የተመታው። ከመጋዘን ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ ቦርጬ እንደልማዱ ኪሱ ውስጥ የሚበላ ነገር ይፈልጋል፤ ቀጮ ገፍትሮ ጣለውና ጥይቱን እሱ ተቀበለው። ሸሚዙ ላይ ቀይ ታየ፣ ቀጮ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ምስሉም በዚያው ደርቆ ቀረና እንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። አስቴር «ይቀጥላል» ብላ ተረጎመች።

«ምኑ ነው የሚቀጥለው?» አለች እትዬ ዘይነባ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ነው፣ እትዬ።»

«እስከ ቅዳሜ ደሙ እየፈሰሰ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ ነጠላዋን ሰብስባ ተነስታ ወጣች። በማግስቱ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃችን ቆማ አገኘቻት። የዚህ ሐሙስ ዱአ ተራው የኔ ነው፣ ሐጃዬም ቀጮ ነው አለች። እናቴ ሳቋ ሊያመልጣት አፏን ከፍታ ነበር፤ ከዚያ ፊቷን አየቻትና ከደነችው። «ዳቦውን እኔ እደፋለሁ» አለቻት።

ሐሙስ ቤቷ ጢም ብሎ ሞላ። ለሼህ ይማም ነገሩን ማን እንደሚነግራቸው አልተመከረም ነበር፤ እሳቸው ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር ከወሬ በቀር አያውቁትም። ሐጃው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ሴቱ እርስ በርሱ ተያየ፤ በመጨረሻ ፈጣኗ እናቴ አንድ ፖሊስ ሌባ ሲያባርር ቆስሎ ነው አለች።

«አላህ ያሽረው። የት ነው የቆሰለው?»

«ሩቅ ነው፣ አባባ።»

«ሙስሊም ነው?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ሰው ነው፣ አባባ።»

«ይበቃል» አሉ ሼሁ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ቤቱም እጁን ዘረጋ። አስቴር ሳቋን ልትውጥ ጥርሷ ውስጥ የነጠላዋን ጥለት ነክሳለች፤ እኔ ወደሷ ላለማየት ጣሪያውን አያለሁ። ሼሁ ግን ቀልድ አያውቁም፤ ስለዚያ ስለማያውቁት ፈረንጅ ከልባቸው ለመኑ። በሰው አገር የወደቀውን አንሳው፣ የሚያነሳው ጓድ አታሳጣው፣ ውሃ የሚያጠጣው አታሳጣው፣ ቁስሉን አድርቅለት፣ እግሩን ወደ ቤቱ አዙርለት፣ አሉ። የሚስቀው ሁሉ መሳቁን ተወ። አሚኑ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ እየወፈረ ሄደ። ከዚያ ሼሁ ቆም አሉና ስሙን ጠየቁ።

«ቀጮ» አለች እትዬ ዘይነባ፣ ድምጿ እየተጎተተ።

«ቀጮ ደግሞ ስም ነው? እናቱ ያወጣችለት ስም የለውም?»

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ፣ የደከመ ዓይናቸውን ወደ ድምጿ እንዳዞሩ ጠበቁ። «እናቱስ ማን ናት? በሕይወት አለች?»

«አለች» አለች እትዬ ዘይነባ። «እኔ ነኝ፣ አባባ። ሰይድ ነው ስሙ። ሰይድ ነው።»

ሼሁ ለመለመን አፋቸውን ሳይከፍቱ ሴቱ በሙሉ አሚን አለ። እናቴ ቀርባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ሳይነታረኩ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አየሁ። ሰይድን በስሙ እየጠሩ ለረጅም ጊዜ ለመኑለት።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ የመሐላዋን ፆም ጀመረች። እናቴም ለብቻሽ አትፆሚም ብላ ተያያዘችው፤ በሁለተኛው ቀን ግን ከኩሽናው ኋላ የተቀቀለ ድንች ይዛ እትዬ ዘይነባ ራሷ ደረሰችባት። አንቺ አልማልሽ፣ አይቆጠርብሽም፣ ይልቅ ጨው ጨምሪበት አለቻት። ሲነታረኩ ሰማንና እኔና አስቴር ደስ አለን። በዚያው ቅዳሜ ማታ ቀጮ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጦ ታየ፤ ቦርጬ አጠገቡ ሆኖ የታማሚውን ምግብ ይበላበታል። ቤቱ በእልልታ ተቀጣጠለ፤ ዱአው ደረሰ ተባለ፣ ሼህ ይማም ዘንድም ወሬው ተልኮ እሳቸውም አላህን አመሰገኑ። እትዬ ዘይነባ ጭንቅላቷን ነቀነቀች እንጂ እልል አላለችም። ሌላው ሰው ቴሌቪዥኑን ሲያይ እሷ ሰይድ ይደገፍበት የነበረውን በር ታይ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ከሰፈሩ የተመለሱም ነበሩ፤ አንዱ በክራንች፣ አንዱ ወፍሮ፣ አንዱ ምንም ሳይሆን። እትዬ ዘይነባ ለተመለሱት ሁሉ ፓፓያ ይዛ እየሄደች ሰይድን አይታችሁታል ትላለች፤ አሁን ስሙን ለመጥራት አትሰስትም ነበር። ክረምቱ ወጣ። ከዚያ አንድ ማለዳ የቀበሌ ሰዎች ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው በጉሙ ውስጥ ወደ ሰፈራችን ወጡ፤ ብዙ በር አንኳኩ፣ ከነዚያ አንዱ የእትዬ ዘይነባ ነበር። ሰይድ ሞቷል። የሞተው መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ ሐሙስ በፊት ይሁን በኋላ፣ የሚያውቅ አልነበረም፤ እትዬ ዘይነባም ማንንም አልጠየቀችም።

እናቴ በዚያው ቀን የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅላ የተጠለፈውን ልብስ አለበሰችው፣ የሰይድ አርባ ሰደቃ እስኪወጣ ማንም እንዳይነካው አለች። የሁለቱ ፖሊሶች ታሪክ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው፤ አስቴር በየሳምንቱ በእንግሊዝኛው ጋዜጣ የፕሮግራሙን ዓምድ ታይ ነበርና ታውቃለች፣ ግን ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን አኩርፌ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ፣ ሰይድም አምልጦኝ ፊልሙም አምልጦኝ ሁለቱም ኪሳራ በአንድ ላይ ነው የተሰማኝ። ቅዳሜ ሲመሽ ጉም ይወርዳል፣ የሚስል የለም፣ ሳሎኑ የኛ ብቻ ሆነ። የራሳችን ሳሎን እንዲህ ሰፊ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። ፊልሙ በዚያ መሃል አለቀ፤ ከሰፈራችን መጨረሻውን ያየ ሰው የለም።

ዛሬ ሼህ ይማም የሉም፣ አባቴ የለም፣ እናቴም እትዬ ዘይነባም ሁለቱም አርፈዋል፤ አስቴር ባህር ዳር ነች። ሰፈራችን ፎቅ በፎቅ ሆኗል፣ በየፎቁ ጣሪያ ዲሽ ተደርድሯል፣ በየቤቱም እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ስክሪን ይዞ ለብቻው ያያል፤ አሁን በምኖርበት በኮምቦልቻም እኔ ቤት ያው ነው። መጥፎ ነው አልልም፣ ክርክር የለበትም፣ አንቴና ላይ የሚወጣም የለም። ከምስሉ ሥር የሚነበብ ጽሑፍ ስላለ ተርጓሚም አያስፈልግም። ለማያውቁት ሰው ዱአ የሚያደርግ ግን አላገኝም።

ያኔ ግን፣ ከሰይድ ሰደቃ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ያንን ሳል ከጉሙ ውስጥ ሰማነው። እትዬ ዘይነባ ገብታ የድሮ ቦታዋ ተቀመጠች፤ ከስታ፣ እጇ ከነጠላዋ ሥር ሆኖ። እናቴን «ክፈቺው» አለቻት። እናቴ ልብሱን አንስታ፣ ገመዱን ሰክታ ከፈተችው። ሣጥኑ ሲሞቅ ሌላ ፕሮግራም መጣ፣ አንድ ሰውዬ ስለ ማዳበሪያ ያስረዳል። እትዬ ዘይነባ ማዳበሪያውን ጥቂት አየች።

«ቀጮስ?» አለች።

አስቴር ልትናገር ስትል እናቴ በዓይኗ ያዘቻት። «አለቀ እኮ፣ ዘይነባ።»

«ምን ሆኖ አለቀ?»

እናቴ ያነሳችውን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። «ደህና ነው» አለቻት። «ሥራውን ለቀቀና አገሩ ገባ። እናቱ ዘንድ።»

እናቴ ሄዳ እትዬ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጠች።

«አልሃምዱሊላህ» አለች እትዬ ዘይነባ። «አንዷ እናት እንኳ ደስ ይበላት።»